ምክር የጀመሩ ልጆች ስለ ሞት ለምን ይነግሩናል?

(በመርሳ ከተማ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለቅሬ ማለትም ለዕድር አባላት የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)

የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ ልጆች ራስን ስለማጥፋት የሚያስቡት ሐሳብ፣ ከባድ ነው። ከመካከላችን ይህ ነገር ቤቱ የደረሰበት ሰው ሊኖር ይችላል። የከበደው ሰው ወጣ ብሎ ነፋስ ተቀብሎ ቢመለስ ማንም አይታዘበውም።

ርእሱን የሰጡኝ አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ምክር መከታተል ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው። አንድ ጠዋት እኔ ወደማማክርበት ክፍል መጡና በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እናንተ ዘንድ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ነው ሞት ያማረው። ምን ነግራችሁት ነው?» አሉኝ። የተቆጡ ይመስሉ ነበር እንጂ የፈሩ ነበሩ። ጥያቄያቸው በቅንነት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ምክር የሚከታተል ታዳጊ መሞትን ማሰቡን ሲናገር፣ ሐሳቡን ያመጣበት ምክሩ ነው? ካልሆነስ ከየት መጣ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ምክር ክፍል ሐሳቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ የሚነገርበት ቦታ ነው። ልጁ እዚያ ከመድረሱ በፊት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ብቻውን ይዞት ኖሯል። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ያን ቀን ሲናገር እኛ የምናሳየው ፊት ነው። ልጁ ደግሞ ይናገር ወይም ዳግመኛ አይናገር የሚወስነው ያ ፊት ነውና።

ልጅ ወደ ምክር የሚመጣበትን መንገድ እስቲ እናስበው። በኛ አገር ሆዱ የባሰው ሰው ቀጥ ብሎ አማካሪ ዘንድ አይሄድም። መጀመሪያ «ሆድ ይፍጀው» ነው፤ ገመና ለባዕድ አይነገርም። ቀጥሎ ጭንቀቱ በሰውነት በኩል ይወጣል። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል። ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ ታይፎይድ ይመረመራል፣ የጨጓራ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ጠበል ይጠመቃል፤ ወይም ሸሆቹ ዱዓ ያደርጉለታል። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ጠበሉም ዱዓውም ስንቱን ልጅ ከብቸኝነት አውጥተውታል። በመጨረሻ ልጁ ክፍል ውስጥ መተኛት ሲጀምር፣ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል፣ ከጓደኞቹ ሲሸሽ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ያየውና ወደ ምክር ይልከዋል። እንግዲህ አማካሪው ፊት የሚቀመጠው ልጅ ሌላው በር ሁሉ ተንኳኩቶ ያልተከፈተለት ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በተሰበሰቡበት ስለ ሞት ያሰበ መብዛቱ አያስገርምም።

ከዚያ ደግሞ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ እንጠይቀዋለን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ «እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያላሰበውን ማሳሰብ ነው» ብሎ ይፈራል። ይህን ፍርሃት በጥናት የፈተኑ አሉ። ማደሊን ጉልድ የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በ6 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 2,342 ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሹን ስለ ራስ ማጥፋት በቀጥታ ጠየቁ፤ ግማሹን አልጠየቁም። ከሁለት ቀን በኋላ ሲያዩ የተጠየቁት ካልተጠየቁት ይበልጥ አልተጨነቁም፤ ሐሳቡም አልበዛባቸውም። እንዲያውም ቀድሞ ድባቴ የነበረባቸውና ከዚያ በፊት ሙከራ ያደረጉት ልጆች ሲጠየቁ ቀለል ብሏቸው ነበር። ጥናቱ የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

ያም ሆኖ የኚያ አባት ፍርሃት መሠረት የለውም ብዬ አላልፍም። የተከደነ ሐዘን ሲከፈት ለጊዜው ያማል። አንድ ልጅ በሰሜኑ ጦርነት ያየውን ገና በመጀመሪያው ቀን «ሁሉንም ዘርግፈህ ንገረን» ተብሎ ቢገፋ፣ ሌሊቱን ሲባንን ሊያድር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት አደጋ የደረሰበትን ሰው አንድ ቀን አስቀምጦ ያየውን ሁሉ ማስተረክ አይመከርም የሚለው ለዚህ ነው። ልጁ በራሱ ፍጥነት ይናገራል፤ አማካሪው የከፈተውን ሳያሳርፍ ልጁን ወደ ቤት አይልክም። ለድባቴ የሚሰጡ መድኃኒቶችም ጥንቃቄ ይሻሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. 4,400 ያህል ልጆችና ታዳጊዎች የተሳተፉባቸውን 24 ሙከራዎች አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ራስን ስለማጥፋት ማሰብ ወይም መሞከር መድኃኒቱን ከወሰዱት 4 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ከወሰዱት 2 በመቶ ላይ ታየ፤ በእነዚያ ሙከራዎች ሕይወቱን ያጣ ልጅ አልነበረም። መድኃኒቱ ብዙ ልጆችን ይረዳል። ከዚህ የምንወስደው፣ መድኃኒት የጀመረ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ መታየት እንዳለበትና መድኃኒቱን በገዛ እጁ በድንገት ማቋረጥ እንደሌለበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሐሳቡ ራሱ ከየት ይመጣል?

ይህ የፈረንጅ ወይም የከተማ ልጅ ነገር ነው የሚል ሰው አለ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 519 ታዳጊዎች ተጠይቀው በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 14 ያህሉ አንድ ጊዜ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር መናገራቸውን መዝግቧል። በቡታጅራ ገጠር ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ደግሞ 3.2 በመቶው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ሞክረው ነበር፤ ሙከራው የበዛውም ከ15 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በዓለም ዙሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. 727 ሺህ ሰው በዚህ መንገድ ሕይወቱን አጥቷል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛው የሞት መንስኤ ነው። የሰው ልጅ ሕመም ነው፤ የእኛም ነው።

ሞትን የሚያስብ ልጅ በአብዛኛው ሞትን አይወድም። ይህን በጊዜው ግልጥ አድርገው የጻፉት ኤድዊን ሽናይድማን የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ናቸው። ልጁ የሚፈልገው የማይቻል የሆነበት የውስጥ ሥቃይ እንዲቆምለት ነው። ሌላ መውጫ ስላልታየው ሞትን መውጫ አድርጎ ያያል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ተመራማሪ ሮሪ ኦኮነር ዋናውን ነገር «መያዝ» ይሉታል፤ ተሸንፌያለሁ፣ ደግሞም የምወጣበት መንገድ የለኝም የሚል ስሜት ነው። ቶማስ ጆይነር የሚባሉ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨምራሉ። አንደኛው የማንም አይደለሁም የሚል ስሜት ነው። ሁለተኛው ለሚወዱኝ ሰዎች ሸክም ነኝ የሚል ነው።

እዚህ ሁለተኛው ላይ ልቆይ እፈልጋለሁ። በኛ አካባቢ ከሁሉ ይልቅ የማገኘው እሱን ነው፤ የሚያሳዝነውም ነገር ከፍቅራችን ውስጥ የሚበቅል መሆኑ ነው።

የምነግራችሁ ልጅ አንዲት ልጅ አይደለችም። ማንም እንዳይታወቅ የብዙዎችን ነገር በአንዷ ላይ አድርጌ ነው የማቀርበው። ዕድሜዋ 16 ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከገጠር ቀበሌ መጥታ መርሳ ከጓደኛዋ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ስንቅ ከቤት ይላክላታል፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም ከጓሮ የተለቀመ ማንጎ። ታላቅ ወንድሟ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ገብቷል፤ ለደላላው የተከፈለው ብድር ገና አላለቀም። እሷ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ስለተቋረጠ ከዕድሜ እኩዮቿ ወደ ኋላ ቀርታለች። ወደ እኛ የመጣችው በራስ ምታት ነው። አንገቷን ደፍታ፣ የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች፣ ለሚጠየቀው ሁሉ «ደህና ነኝ» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ስለ ስንቁ ስንጫወት፣ «ስንቁን ስፈታ ይጨንቀኛል» አለች። ለምን? «እሱ ሲመጣ ቤት ምን እንደቀረ አውቃለሁ።» ትንሽ ዝም አለች። «እኔ ባልኖር እነሱ ያርፉ ነበር።»

ልብ በሉ፤ ይህች ልጅ ቤተሰቧን አልጠላችም። የምትወዳቸው ሰዎች ላይ የወደቀውን ዕዳ ስትደምር ስትቀንስ ኖራ፣ ራሷን ከዕዳው ጋር ደምራዋለች። ሒሳቡን ያስተማርናት እኛ ነን። «ለእናንተ ስንል ነው የምንለፋው»፣ «ወንድምሽ በረሃ ያቋረጠው ለማን ብሎ ነው?»፣ «የላክንሽ ቁም ነገር ላይ እንድትደርሺ ነው» እንላለን። እነዚህ የፍቅር ቃላት ናቸው፤ ጤነኛ ልጅ ሲሰማቸው ይበረታል። ድባቴ የያዘው ልጅ ግን የሚሰማው የዕዳውን ቁጥር ብቻ ነው።

እናትየው ተጠርተው መጡ። ልጅቷ ፈቅዳ፣ እሷም ባለችበት፣ ስንቅ መላኩ እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቅናቸው። «ያችን ስንቅ የማስርበት ቀን ነው ሰው የምሆነው» አሉ። «የሷን እጅ የሚነካ ነገር በእጄ ይዤ እውላለሁ።» ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻቸው። ሕመሙ በአንድ ቀን አልለቀቀም፤ ብዙ ሥራ ቀርቶ ነበር። ነገር ግን ወራት ሙሉ ብቻዋን የሠራችው ሒሳብ ስሕተት እንደነበረበት ያን ቀን ከምትወዳት ሰው አፍ ሰማች። ያለ እናትየው ይህን ማድረግ የሚችል አማካሪ የለም።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችም ተመሳሳይ ሒሳብ ውስጥ ናቸው። በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት እንደታየው ከ100 ተፈታኝ ከ94ቱ በላይ ሳያልፍ ሲቀር፣ እያንዳንዱ ልጅ «የወደቅሁት እኔ ነኝ» ብሎ ብቻውን ያፍራል። አባቱም የጎረቤት ልጅ ውጤት ስንት እንደሆነ ይጠይቀዋል። ፈተና ብቻውን ልጅን ለሞት አያደርስም፤ ይህን በአንድ ምክንያት የሚያስረዳችሁን ሰው አትመኑት። ድባቴ፣ ሐዘን፣ የቤት ጠብ፣ ጥቃት፣ የአልኮልና የጫት ልማድ፣ እጦት ሲደራረቡና ልጁ ብቻውን ሲሆን ነው አደጋው የሚከብደው።

ጦርነቱን ሳላነሳ ደግሞ ማለፍ አልችልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ ጦርነቱ ውስጥ ገቡ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የነበሩትን ወራት እዚህ ያለው ሁሉ በየቤቱ ያውቃቸዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው ክልላችን ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ያኔ የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ የነበረው በዚህ መሐል ጎረመሰ። ጆይነር የሚጨምሩት ሦስተኛ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሰው ሞትን በተፈጥሮው ይፈራል፤ ፍርሃቱ ይጠብቀዋል። ሬሳ ያየ፣ ተኩስ እየሰማ የተኛ፣ ተደጋጋሚ ድብደባ የደረሰበት ልጅ ግን ያ ፍርሃት ይደነዝዝበታል። ሐሳቡ ካላቸው ልጆች አብዛኞቹ ወደ ድርጊት አይሄዱም፤ እንዲህ ያለ መከራ ያየው ልጅ ግን በሐሳብና በድርጊት መካከል ያለው አጥር ዝቅ ብሎበታልና የበለጠ መጠበቅ ይገባዋል። በጾታ ጥቃት የቆሰለች ልጅ ደግሞ በዚህ ላይ ኀፍረትን ትሸከማለች፤ የሌላ ሰው ወንጀል የእሷ ነውር ተደርጎ ይሰማታል። ለጋብቻ ሳትደርስ የምትዳር ልጅም እንዲሁ መውጫ የሌላት መስሎ ይታያታል። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ያለበትን ምክንያት ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ዕድሜውም ራሱ አለ። በጉርምስና ስሜትን የሚያቀጣጥለው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይበረታል። ቆም ብሎ የሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። ስለዚህ ታዳጊ የዛሬውን ሕመም ዘላለማዊ አድርጎ ያያል። «ያልፋል» የሚለውን እኛ የምናውቀው አልፎ ስላየነው ነው፤ እሱ ገና አላየም። እንቅልፍ ያጣ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ይብሳል። እንቅልፍ ማጣት በራሱ ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ የአደጋ ምልክት መሆኑ በብዙ ጥናት ታይቷል። ልጃችሁ ሌሊት ነቅቶ እንደሚያድር ካወቃችሁ እንደ ቀላል አትለፉት።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ ልጅ ሲናገር ምን እናድርግ?

አንድ ችግር አለብን፤ በኛ ቋንቋ ሞት በየቀኑ ይነገራል። ተናደን «ምነው በሞትኩ» እንላለን፤ አፍረን «መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ» እንላለን። ስለዚህ ጆሯችን ለምዶታል። ልዩነቱን የምታውቁት አብሮት በመጣው ለውጥ ነው። የሚወደውን ነገር ለጓደኛው የሚሰጥ፣ የሚሰናበት የሚመስል ንግግር የሚናገር፣ ስለ ነገ ማሰብ ያቆመ፣ ከሰው የተገለለ፣ ለወራት ተክዞ ቆይቶ በድንገት ያለ ምክንያት የተረጋጋ ልጅ ካያችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ቀጥተኛ ይሁን። «በጣም የከፋህ ይመስለኛል። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ ደግሞ፣ እንዴትና መቼ ብሎ እስከ መወሰን ደርሶ እንደሆነ ይጠየቃል። ያሰበበት መንገድና ቀን ካለው ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ስሙ። የወሎ ሰው ደግ ነው፤ ያዘነ ሲያይ «አብሽር» ለማለት ይቸኩላል። ቃሉ መልካም ነው፤ ገና ሳይሰማ ሲመጣ ግን የልጁን አፍ ይዘጋዋል። ስብከቱም እንዲሁ። እምነት ለብዙ ልጆች እውነተኛ ጥላ ነው፤ ስንቶቹ «ፈጣሪን ስለፈራሁ ነው እስካሁን ያለሁት» ብለውናል። ነገር ግን ራሱን ከንቱ አድርጎ ለሚያይ ልጅ የመጀመሪያው መልሳችን ሲኦል ወይም ጀሀነም ከሆነ፣ እግዜርም እንደጠላው አድርጎ ይሰማዋል። ቀሳውስትና ሸሆች እዚህ ስላላችሁ እለምናችኋለሁ፤ ሐሳቡ የመጣበት ልጅ ኃጢአት እንደፈጸመ ሰው አይታይ። ወደ እናንተ መጥቶ ሊናገር እንደሚችል፣ ሐኪምም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት እንዳልሆነ፣ በአደባባይ ተናገሩ። ከእናንተ ሲሰሙት ከኔ ይልቅ ያምኑታል።

ምክር ክፍል ውስጥ የምንሠራውን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የሚባሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁት የደኅንነት ዕቅድ ነው። ከደብተር ላይ በተቀደደ አንድ ገጽ ይበቃል፤ የሚጽፈውም ልጁ ራሱ ነው። ከላይ ሐሳቡ ሲመጣ የሚያውቅበትን ምልክት ይጽፋል፦ «ሲመሽ ብቻዬን ስሆን፣ ስልክ ሲዘጋብኝ»። ከሥሩ ብቻውን ሊያደርግ የሚችለውን፦ ውዱዕ አድርጎ መስገድ፣ ዳዊት መድገም፣ ወደ መስኖው ወርዶ መሄድ፣ ኳስ። ቀጥሎ ጭንቀቱን ሳይነግራቸው እንኳ አብሯቸው ሊቀመጥ የሚችላቸውን ሰዎች ስም። ቀጥሎ የሚነግራቸውን፤ አክስት፣ መምህር፣ ታላቅ ወንድም፣ ከነስልካቸው። ከዚያ የጤና ባለሙያውን። በመጨረሻ ከአጠገቡ መራቅ ያለበት ነገር ምንድን ነው? ለዚያስ ማን ኃላፊ ይሁን? በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ይህን ዕቅድ ጽፈው በስልክ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በሚቀጥሉት 6 ወራት ራስን የመጉዳት ድርጊታቸው በ45 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር።

የዕቅዱ የመጨረሻዋ መስመር፣ አደገኛውን ነገር ማራቅ፣ የእናንተ የወላጆች ሥራ ናት። ወረዳችን ሀብሩ የመስኖ አገር ነው፤ ጊራናም ሆነ መርሳ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ፍራፍሬ የሚያለማ ብዙ ቤተሰብ የተባይ መድኃኒት ቤቱ ያስገባል። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው አልጋ ሥር ወይም ጓዳ ነው። ቀውሱ የሚከብድባት ሰዓት አጭር ናት፤ ያቺ ሰዓት ስታልፍ አብዛኛው ሰው ሐሳቡን ይቀይራል፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት በእጁ ያለው ነገር ሕይወቱን ይወስናል። ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን የእርሻ ኬሚካሎች እየለየች ከገበያ ስታስወጣ፣ ከ1995 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት 20 ዓመታት ራስን የማጥፋት ሞት መጠኗ በ70 በመቶ ያህል ወረደ። የገበሬው ምርት አልቀነሰም። እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። ቁልፍ ያለው ሣጥን ይበጅ፤ ቁልፉ በአንድ ትልቅ ሰው እጅ ይሁን፤ የሰው መድኃኒትና መሣሪያም እንዲሁ።

ስለ ምስጢር አንድ ነገር ልበል። አማካሪ የልጁን ነገር አያወራም፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲሆን ግን ዝም አይልም፤ ይህንም ገና በመጀመሪያው ቀን ለልጁ ይነግረዋል። ለወላጅ የሚነገረውም ልጁ አውቆት፣ ቢቻል እሱም ባለበት ነው። አደጋው የመጣው ከቤት ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ልጅቷን ያስገደዳት ሰው ዘመድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታመን ሌላ ሰው ይፈለጋል።

ደግሞ ብዙ ቤተሰብ «ፖሊስ ይይዘዋል» ብሎ ሙከራ ያደረገ ልጅን ከሐኪም ይደብቃል። ይህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው፣ በአንቀጽ 542፣ ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣውን ወይም የረዳውን ነው። የሞከረው ልጅ ወንጀለኛ አይደለም፤ ታማሚ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ከዚያ ወልድያ፣ ካስፈለገም ደሴ ይላካል። የአምቡላንስ እርዳታ ሲያስፈልግ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ባለሙያው የት አለ?» ትላላችሁ። እውነት ነው። በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ገና ጥቂት ናቸው። እንዲሁ ባለሙያ ባነሰባት ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም አንዲት ታማሚያቸው ሆስፒታል ለመምጣት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ሕይወቷ ማለፉን ካዩ በኋላ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። አያቶቹ ጭንቀት የያዘውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አንድ በአንድ እንዲፈታ ያግዙታል። በሐራሬ የተደረገውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ድባቴን በእጅጉ እንደቀነሱ አሳየ። እኛ ዘንድ ያንን ሥራ የሚችሉ እናቶች በየቅሬው አሉ፤ የሚያስፈልገው ሥልጠናና ከጤና ጣቢያው ጋር የሚያገናኝ መስመር ነው።

ለቅሬ ሽማግሌዎች ያለኝን ጥያቄ አቅርቤ ላብቃ። ሙከራ አድርጎ ወይም ለከባድ ድባቴ ታክሞ የሚመለስ ልጅ እጅግ የሚያሠጋበት ጊዜ ከሆስፒታል በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ቀጠሮ አለው፤ ቀጠሮው ወልድያ ወይም ደሴ ነው፤ የመኪና ገንዘብ ያስፈልገዋል። እናቱ ዶሮ ሸጣ ትሰጠዋለች፤ እሱም ያችን ዶሮ ዕዳው ላይ ይደምራታል፤ ቀጠሮውንም ይተዋል። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛውን ሦስት ቀን ሥራ አያስነካም። ከዚያው የቅሬ ሣጥን ላይ ለሕክምና ቀጠሮ መጓጓዣ የምትሆን ጥቂት ገንዘብ ለይታችሁ ብታስቀምጡስ? ገንዘቡን የሚሰጥ፣ ልጁን መኪና ድረስ የሚሸኝና ሲመለስ የሚጠይቅ አንድ የታመነ ሰውስ ብትመርጡ? ሐሳቡን የተቀበላችሁ ቅሬዎች ስማችሁን ዛሬ ስትወጡ በር ላይ ለሚቆመው መምህር አስመዝግቡ።